«እኛ ምንም አንጠይቅም»

ምሥራቅ ህንድ ውስጥ ቢሃር የሚባል ክልል አለ። እዚያ ወንድ ይጠለፋል። ቀልድ አይደለም። ሥራ የያዘ ያላገባ ወጣት ከመንገድ ወይ ከድግስ ቤት ይነጠቃል። ሽጉጥ ይደገንበትና አጠገቡ የተቀመጠችውን ሙሽራ ፀጉሯ መሐል ቀይ ዱቄት እንዲቀባ ይገደዳል። ዱቄቱ ሲንዱር ይባላል፤ ያገባች ሴት ምልክት ነው። ከቀባላት ባሏ ሆነ፣ ቢያንስ በጠላፊዎቹ ሂሳብ። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አንድ ወታደር ቤተ መቅደስ ሊሳለም ሄዶ እንዲህ ተዳረ። የፓትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋብቻውን ያፈረሰለት በ2023 ነው። ፍርድ ቤቱ ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሙሽሮቹ በሂንዱ የጋብቻ ሥርዓት መሠረት በእሳቱ ዙሪያ ሰባቱን እርምጃ መራመዳቸው አልተረጋገጠም የሚል ነበር።

ይህን ለእናቴ በስልክ ሳወራላት «ወንድ ልጅ ተጠልፎ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ትንሽ ቆይታ «ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?» አለች። ማንም።

ነገሩ ከዋጋ የመጣ ነው። እኛ ጋ ጥሎሽ ከወንዱ ወደ ሴቷ ይሄዳል። ህንድ ውስጥ ዋናው ገንዘብ የሚሄደው ከሴቷ ቤት ወደ ወንዱ ቤት ነው። ልጁ በተማረ፣ የመንግሥት ሥራ በያዘ፣ ውጭ አገር በሄደ ቁጥር ሂሳቡ ይንራል። ሐኪም ከሆነማ አይነሳ። መክፈል ያቃተው የቢሃር ዘመድ ታዲያ በአቋራጭ ይሄዳል። ውድ ነገር ይሰረቃል።

ይህ ሁሉ በሕግ ክልክል ነው፤ ያውም ከ1961 ጀምሮ። የዚያ ዓመቱ አዋጅ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይቀጣል። ሆኖም የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከ1960 እስከ 2008 በህንድ ገጠር የተፈጸሙ 40,000 ጋብቻዎችን ሲመረምሩ በ95 በመቶው ጥሎሽ ተከፍሏል። የሴቷ ቤተሰብ ለስጦታ የሚያወጣው ወንዱ ወገን ከሚያወጣው በአማካይ ሰባት እጥፍ ነበር። የባሰው ደግሞ ከሰርጉ በኋላ የሚመጣው ነው። «አነሰ» ተብላ የምትደበደብ፣ የምትቃጠል፣ ራሷን እንድታጠፋ የምትገፋ ሴት ብዙ ናት። በ2022 ብቻ በመንግሥት መዝገብ ከ6,400 በላይ የጥሎሽ ግድያ ጉዳዮች ተመዝግበዋል። በቀን ሲካፈል አሥራ ሰባት አካባቢ ይመጣል። ወንጀሉ ከ1986 ጀምሮ በወንጀል ሕጋቸው የራሱ አንቀጽ ያለው መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

እኔ የምኖረው ሻርጃ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ እሠራለሁ። ነርሶቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም የኬራላ ልጆች ናቸው። ኬራላ በህንድ ደቡብ ጫፍ ያለች፣ ማንበብና መጻፍ በሚችለው ሕዝቧ ብዛት ከአገሩ ሁሉ ቀዳሚ ተብላ የምትጠራ ክልል ናት። ለእኛ ሩቅ አይደለችም። የአባቴን ትውልድ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። የኬራላ ኦርቶዶክሶች ቤተ ክርስቲያንም የእኛዋ እህት ናት፤ በ1965 አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አብራን ተቀምጣለች።

ከነርሶቹ ትልቋን ሁላችንም ቼቺ እንላታለን፤ በእነሱ ቋንቋ በማላያላም እትዬ እንደማለት ነው። ኬራላ ውስጥ ያለችው የኮታያም ከተማ ሴት ናት፤ ኦርቶዶክስ። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ምሳ የምንጋራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰርግ ሥርዓታቸውን ስታወራ እኔ ተክሊሉን አስባለሁ። ሙሽራው አንገቷ ላይ የሚያስርላት ሚኑ የምትባል ጭላጭ የምታህል የወርቅ ቅጠል አለች፣ መስቀል ያለባት፤ ክሩ ከሙሽራ ልብሷ ላይ ከተመዘዘ ሰባት ክር ይገመዳል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ሚኑዋ ሚዛን ላይ ብትወጣ ምንም አትመዝንም። የሚመዝነው ሌላው ነው።

ቼቺ ልጇን ልትድር ስትነሳ ሮላ ወደሚገኝ ወርቅ ቤት አብሬያት ሄድኩ። የዕለቱ ዋጋ በር ላይ በቀይ መብራት ይነበባል። ሻጩ ያገሯ ልጅ ነው፤ ሳንቀመጥ ሻይ በወተት አስመጣ። ቀይ ከፋይ ላይ የዘረጋው የአንገት ሐብል እስከ እምብርት ይወርዳል። አምባሩን በደርዘን ነው የሚያወጣው። አንድ በአንድ ይመዝናል፣ ካልኩሌተሩን ይመታል፣ የእጅ ዋጋ ይጨምራል፣ ወደ እሷ ያዞርላታል። እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። እሱ ሁለት ድርሃም ይቀንሳል። ወርቁ የሚቆጠረው በፓቫን ነው፤ አንዱ ፓቫን ስምንት ግራም። ቼቺ መግዛት የጀመረችው ልጅቷ አራተኛ ክፍል እያለች ነው። ደሞዝ በወጣ ቁጥር አንድ ቀለበት፣ ቦነስ ሲገኝ አንድ አምባር። አሁን የምታሟላው የጎደለውን ነው።

«ስንት ጠየቋችሁ?» አልኳት።

«ምንም አልጠየቁም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ?»

«እኛ ምንም አንጠይቅም፣ ለልጃችሁ የምትሰጡትን ስጡ ነው ያሉት። ከዚያ ሻይ ስንጠጣ የትልቁ ልጃቸው ሚስት ሃምሳ ፓቫን ይዛ እንደመጣች ነገሩን።»

አራት መቶ ግራም ወርቅ። ማንም ግን አልጠየቀም።

እኔን የደነቀኝ ይሄ ነው። አዋጁ ጥያቄን ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠያቂ የለም። ያው ሕግ ደግሞ ሳይጠየቅ በወግ የተሰጠና ከአቅም ያላለፈ ስጦታን ይፈቅዳል። ያቺ ቀዳዳ ናት ሁሉን የምታሳልፍ። በ1985 የወጣ መመሪያ ሙሽሮቹ የተቀበሉትን ስጦታ በዝርዝር ጽፈው እንዲፈራረሙበት ያዛል። ቼቺን ይህን የሚያደርግ ሰው ታውቂ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ሰርግ ላይ ወረቀት ይዘሽ አማትሽን ፈርሚ ልትያት ነው?»

ይሉኝታን የሚቀጣ ሕግ እስካሁን አልወጣም።

አንዳንድ ያገራችን ሰው ይህን የሂንዱ ሃይማኖት ያመጣው ነው ሲል እሰማለሁ። አይደለም። ኬራላ ውስጥ ክርስቲያኑም ይከፍላል፣ ሙስሊሙም ይከፍላል። እንዲያውም በደቡብ ህንድ በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ድሮ የሚከፍለው ወንዱ ነበር፤ እንደኛ። የተገለበጠው ባለፈው ክፍለ ዘመን ነው። ናይር የሚባሉት የኬራላ ሰዎች ሀብትን በእናት ወገን ይወርሱ በነበረበት ዘመን ሙሽራ ወርቅ ጭና የምትወጣበት ወግ አልነበራቸውም። ቤቱ የእሷ ነዋ! ያ የእናት ወገን ሥርዓት በሕግ ጨርሶ የቀረው በ1975 በወጣ አዋጅ ነው። ዛሬ እነሱም እንደሌላው ይከፍላሉ።

የቼቺ ወገኖች ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ትራቫንኮር የዛሬዋን ደቡብ ኬራላ የያዘ የድሮ መንግሥት ነው፤ በ1916 የወጣ የትራቫንኮር ክርስቲያኖች የውርስ ሕግ ነበራቸው። አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ሴት ልጅ የምታገኘው የወንድሟን ድርሻ ሩብ ወይም 5,000 ሩፒ ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። ያነሰው! ሜሪ ሮይ የምትባል የኮታያም አስተማሪ ወንድሟን ከሳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ1986 ፍርድ ቤቱ ያ ሕግ አስቀድሞ የተሻረ ነው ብሎ ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ ሴት እኩል ትወርሳለች። በወረቀት። ብዙ አባቶች ቶሎ ብለው ለወንዶቹ መናዘዝ ጀመሩ። ሴቷም ስትዳር «ድርሻዬን ወስጃለሁ» ብላ እንድትፈርም ይደረጋል። ድርሻዋ የተባለው ወርቁ ነው። እሱም አማቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ቁም ሣጥን ስል በዘይቤ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አንድ የኬራላ ጉዳይ ወስኗል። ሴትዮዋ በ2003 ስታገባ 89 ፓቫን ወርቅ ከቤተሰቧ ይዛ ነበር፤ 712 ግራም መሆኑ ነው። በሰርጉ ሌሊት ባልዬው «ለጥንቃቄ» ብሎ ሰብስቦ ለእናቱ አስረከበ። እናትና ልጅ የቆየ ዕዳቸውን ከፈሉበት። ፍርድ ቤቱ ወርቁ የሴቲቱ የብቻዋ ንብረት ነው፣ ባል አይመለከተውም ብሎ 2.5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲከፍላት አዘዘ። ከሰርጉ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

እሷ በሕይወት ኖራ ከሰሰች። በ2021 ኬራላን ያንቀጠቀጠችው የሕክምና ተማሪ ግን አልታደለችም። አባቷ 100 ፓቫን ወርቅ፣ መሬትና አዲስ መኪና ሰጥቶ ነበር የዳራት። ባልዬው መኪናዋን ናቃት። የሚደርስባትን ዱላ ለቤተሰቧ በስልክ እየጻፈች ቆይታ በተዳረች በዓመት ከሦስት ሳምንቷ ሞታ ተገኘች። ባልዬው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ተባረረ፣ በቀጣዩ ዓመትም አሥር ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ሰሞን የክልሉ አገረ ገዢ ጥሎሽን በመቃወም አንድ ቀን ጾመው ዋሉ። የሚያገባ ወንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጥሎሽ እንዳልተቀበለ ከሚስቱ ፊርማ ጋር ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅም ትእዛዝ ወጣ። ሚስትየው አዲስ ሙሽራ ሆና «ተቀብሏል» ብላ የምትፈርም ከሆነ እንግዲህ ጀግና ናት።

ወደ ወርቅ ቤቱ ልመለስ፣ ያልጨረስኩት አለ። ቼቺ ስትመዝን አጠገባችን አንዲት ያገሬ ልጅ ቆማ ነበር። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓርብን ፈቅደውላት ወጥታለች። ሻጩ ያላትን አልገባትም። «እህቴ፣ ይሄ ስንት ግራም ነው የሚለው?» አለችኝ። ሐብል፣ የጆሮ ጌጥና ቀለበት ነው። ለራሷ መስሎኝ ያምርብሻል አልኳት።

«ለኔ አይደለም። ወንድሜ ሊያገባ ነው፣ ጥሎሹን እኔ ነኝ የምችለው።»

«ላኪ አሉሽ?»

«ኧረ ማንም ምንም አላለኝም። እማዬ ደውላ ሰርጉ ለጥር ነው አለችኝ፣ አንቺ እያለሽልን ምን እንሆናለን አለችኝ፣ በቃ።»

በወር የምታገኘው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም ነው። ወርቁ የስንት ወር ደሞዟ እንደሆነ በልቤ ማስላት ጀመርኩና ተውኩት።

ልዩነቱን ማቃለል አልፈልግም። እኛ ጋ ጥሎሹ አነሰ ተብላ የምትቃጠል ሙሽራ የለችም። ደግሞ የእኛው በአደባባይ ነው። ሚዜ ሻንጣውን ይከፍታል፤ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ወርቁን አንድ በአንድ አንሥቶ ያሳያል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ቀናተኛ አክስት ጥግ ላይ ሆና ትቆጥራለች። ለማን እንደተሰጠ ሁሉም ያየዋል፤ ኋላ «ለጥንቃቄ» ማለት አያዋጣም። የድሮ ሰዎች በሰማንያ ሲዋዋሉ የእሷ ይሄን ያህል፣ የእሱ ይሄን ያህል ብለው በምስክር ፊት ያስቆጥሩ ነበር፤ እኩል በእኩል ከሆነ ሲፋቱም እኩል ይካፈላሉ። ህንድ በመመሪያ ያዘዘችው ዝርዝር እኛ ዘንድ በሽማግሌ ነበር። ግን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚዳር ሰው ስለ አዳራሹ፣ ስለ መኪናው ሰልፍና ስለ ቪዲዮው የሚያወጣውንም ማንም አልጠየቀውም። ሙሽራው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነማ የሴቷ ቤት «እንደ አቅማችሁ» ይላል። አቅሙ ግን አስቀድሞ ሰፈር ውስጥ ተገምቶ አልቋል።

ይሄ የውጭ አገር ነገር ነው ሁለታችንንም የሚያገናኘን። ለህንዳዊ ሙሽራ ካናዳ መኖር ማለት ብዙ መቀበል ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ሙሽራ ብዙ መክፈል። ፑንጃብ የሚባለው የሰሜን ህንድ ክልል ከእንግሊዝና ከካናዳ ለዕረፍት የሚመጡ ወንዶችን ሲድር ኖሯል። አንዳንዱ ሰርጉን በልቶ፣ ጥሎሹን ተቀብሎ፣ «ቪዛሽን እልካለሁ» ብሎ እንደወጣ ይቀራል። ሚስትየዋ አማቾቿ ቤት ስትጠብቅ ዓመታት ይነጉዳሉ።

አሁን ግን እዚያው ፑንጃብ ወንዙ ወደ ኋላ ሲፈስ ታይቷል። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና በጥሩ ነጥብ ያለፈች ልጅ ተፈላጊ ሆነች። የትዳር ማስታወቂያው ላይ «ስድስት ተኩል ያመጣች ልጅ እንፈልጋለን፣ ወጪው ሁሉ በወንዱ ወገን» ይላል። ጎሳና ዘር አንቆጥርም የሚልም አለ። ለስንት ዘመን ስብከት ያልነቃነቀው ነገር ማለት ነው! የልጁ አባት መሬት ይሸጥና የኮሌጅ ክፍያዋን፣ ትኬቷን፣ ሰርጉንም ጭምር ይከፍላል። እሷ ለትምህርት ካናዳ ትገባለች፣ ባሏ በእሷ በኩል ይከተላል። አንዳንዷ ከደረሰች በኋላ ስልክ አታነሳም፤ የልጁ አባት ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል። ካናዳ በ2024 ለተማሪ የትዳር አጋር የምትሰጠውን የሥራ ፈቃድ ስታጠብቅ ይህ ገበያ ክፉኛ ተመታ።

እኛ በዲቪ የምናውቀው ነው። ዲቪ የደረሳት ልጅ ለሕክምና ምርመራውና ለትኬቱ የላትም። የሰፈሩ ሽማግሌ በድንገት በሯ ላይ ይበዛል። «ልጃችን ጨዋ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንችላለን።» ባህላችን ነው የምንለው ነገር ቪዛው ያለበትን አይቶ ፊቱን ያዞራል። የፑንጃብ ሰውም «ባህላችን ነው» ይላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ።

ቼቺ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። ወጣት ሳለች የጥሎሿን ወርቅ የገዛችው በራሷ ደሞዝ ነው። ኩዌት ሄዳ አራት ዓመት ሌሊት ፈረቃ ሠርታ አርባ ፓቫን አጠራቅማ ተዳረች። ባሏን እዚህ ያመጣችው በራሷ ቪዛ ነው። አገር ቤት ሲሄዱ ግን ሰው «በሚስቱ ቪዛ የሄደው» እያለ ያሾፍበት ስለነበር ስታወራ ትከላከልለታለች። «ጥሩ ሰው ነው፣ ሩዝ የሚቀቅለው እሱ ነው» ትላለች። አርባው ፓቫን የት ደረሰ ስላት የባሏ እህት ስትዳር እንደሄደ ነገረችኝ። ከአንዷ አንገት ወርዶ ሌላዋ አንገት ላይ ወጣ።

ለልጇ ግን እንደዚያ እንዲሆን አልፈለገችም። ልጅቷ ኮቺ በምትባል የኬራላ ከተማ በኮምፒውተር ሙያ ትሠራለች፤ ከእጮኛዋ ደሞዝ የእሷ ይበልጣል። ልጁ «ወርቅ አልፈልግም» ብሎ ለወላጆቹ ተናግሯል አሉ። ወላጆቹ «እኛም አልጠየቅንም» አሉት። ስለዚህ ወርቁ ተገዛ። ሃምሳ አልሞላም፣ ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። ቼቺ ኮታያም ባንክ ውስጥ በልጇ ስም ሎከር ከፈተችላት። አማትየው ይህን ሰምታ ደወለች፤ «ምን አደከማችሁ፣ እኛ ቤት ጠንካራ ቁም ሣጥን አለ» ብላ።

ቼቺ በማግስቱ ምሳ ላይ የስጦታውን ዝርዝር ጻፈች። ባለመስመር የፈረቃ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በማላያላምና በእንግሊዝኛ፣ ግራሙ ከጎኑ፣ የደረሰኝ ቁጥሩ ከሥሩ። ሁለት ቅጂ አድርጋ ለልጁ ወላጆች በዋትሳፕ ላከችው። ሁለት ሰማያዊ ምልክት መጣ። ልጁ ለራሱ ፈርሞ መልሶታል። ወላጆቹ እስካሁን አልመለሱም።